ሪድባኩ ልክ፣ መንገዱ ስህተት፦ አብራሪዎች ታክሲ ላይ የሚሳሳቱት እንዴት ነው?

አዲስ ክንፍ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የመስመር ስልጠና ልጀምር ስለሆነ የትልልቅ ኤርፖርቶችን ቻርት እያገላበጥኩ ነው። የኒውዮርኩ ኬኔዲ የሸረሪት ድር ነው የመሰለኝ። ሲሙሌተር ላይ ደግሞ ታክሲ (አውሮፕላኑ መሬት ላይ በራሱ ሲሄድ) ላይ ብዙ አንቆይም፤ ራንዌዩ (መንደርደሪያው) ጫፍ ላይ ያስቀምጡሃል፣ ሞተር ያጠፉብሃል፣ ቀጥል።

የታክሲ አደጋ ሪፖርቶችን ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። አብራሪው የተሰጠውን መመሪያ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ መልሶ አንብቦ (ሪድባክ ማለት ይሄ ነው)፣ ጥቂት ቆይቶ ያልተፈቀደለት ቦታ ላይ ይገኛል። መስማቱንማ ሰምቷል፤ ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ቲለሩ (የአፍንጫ ጎማውን የሚያዞረው የእጅ መሪ) በካፒቴኑ እጅ ሳለስ ረዳት አብራሪው ምን መሥራት አለበት? ስለ ረጃጅም አውሮፕላኖች አስተጣጠፍም የምታውቁ ጨምሩበት፤ ዓይኔ 777 እና ኤ350 ላይ ነው።

ቢጫ መስመር

ወንድሜ፣ የሚያሳስተው ግምት ነው። አብራሪው መመሪያው ሳይመጣ በፊት መንገዱን በሐሳቡ ሄዶ ጨርሶታል። አፉ የሰማውን ይደግማል፣ እጁ የገመተውን ይነዳል። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ካነሳኸው ከኬኔዲ እንጀምር። ጃንዋሪ 13 ቀን 2023 ወደ ለንደን የሚሄድ ቦይንግ 777 በኪሎ ታክሲዌይ (ወደ ራንዌይ የሚያደርሱት መንገዶች በፊደል ነው የሚጠሩት፤ ኪሎ «ኬ»፣ ጁልየት «ጄ») በኩል ራንዌይ 31 ሌፍትን እንዲያቋርጥ ተነገረው። እሱ በጁልየት በኩል ራንዌይ 4 ሌፍትን አቋረጠ። እዚያው ራንዌይ ላይ አንድ 737 ለመነሳት እየተንደረደረ ነበር፤ ታወሩ (የበረራ ተቆጣጣሪው) ፈቃዱን ሰርዞበት በብሬክ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ኮክፒቱ ውስጥ ግን በዚያች ሰዓት ሌላ ሥራም ይሠራ ነበር፤ መንገዱን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን ሲጎድል ስህተቱን የሚይዘው አይኖርም።

የቶኪዮው ሃኔዳ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2024፦ የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ዳሽ 8 አውሮፕላን እስከ ሲ5 ማቆሚያ ድረስ እንዲሄድና ተራው «ቁጥር አንድ» እንደሆነ ተነገረው። በትክክል መልሶ አነበበ። ከዚያ ራንዌዩ ውስጥ ገብቶ 40 ሰኮንድ ያህል ቆመ፤ ሊያርፍ የመጣ ኤ350 ላዩ ላይ ደረሰበት። ከዳሽ 8ቱ 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ፤ የኤ350ው 379 ሰዎች በሙሉ ወጡ። የዳሽ 8ቱ ካፒቴን እንዲገባ የተፈቀደለት ነው የመሰለው። «ቁጥር አንድ» የወረፋ ቁጥር ናት፣ ለሚቸኩል ጆሮ ግን ፈቃድ ትመስላለች። ጃፓኖች ከአደጋው በኋላ ቃሉን ለጊዜው ማዘዣ ላይ እንዳይውል አድርገውት ነበር።

ግምት ከማዕዘን ቅርጽም ይመጣል። የስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ፣ ማርች 27 ቀን 1977። የፓን አም 747 በጭጋግ ራንዌዩ ላይ እየሄደ በሦስተኛው መውጫ እንዲወጣ ታዘዘ። ሦስተኛው መውጫ ወደ ኋላ የሚያጥፍ ነው፤ 148 ዲግሪ ያህል መዞር ይጠይቃል። አራተኛው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ መዞር ነው የሚፈልገው። 747 የሚነዳ ሰው የትኛው «የኔ» እንደሚመስለው ገምት። ሦስተኛውን አልፎ ወደ አራተኛው ሲያመራ ያለ ፈቃድ የተንደረደረው የኬኤልኤም 747 ደረሰበት፤ 583 ሰው አለቀ። ዋናው ጥፋት የተንደረደረው ቢሆንም፣ ያ መውጫ ቻርት ላይ ቀድሞ ታይቶ «ይሄ ለኛ አይሆንም፣ አረጋግጥልን» ለማለት የሚያበቃ ነገር ነበረው። ማዕዘኑ የማይረባ ከመሰለህ ትዕዛዙን ዳግም ጠይቅ።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። የታክሲ ብሪፊንግ ፑሽባክ (አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ወደ ኋላ መገፋቱ) ሳይጀመር ያልቃል። ቻርቱ ላይ ሆት ስፖት (ስህተት የሚበዛበት ቦታ) ተብለው የተከበቡትን፣ የምታቋርጧቸውን ራንዌዮችና የተዘጉ ታክሲዌዮችን በጣት እየነካችሁ ትነጋገራላችሁ። መመሪያው ሲመጣ ረዳቱ ይጽፈዋል፤ በፊደል ብቻ፣ ለምሳሌ «ብ፣ ኪ፣ ቁም 31ሌ»። የማቆሚያዋን ቦታ ይከባል። ፍሬን ከመለቀቁ በፊት ሁለታችሁም አንድ ጥያቄ ትመልሳላችሁ፦ የት ነው የምንቆመው? መልሱ ከተለያየ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም።

ስትሄዱ ደግሞ ረዳቱ የሚመጣውን ቀድሞ ይጠራል። «ቀጣዩ ኪሎ፣ ወደ ቀኝ፣ ከአንድ መገናኛ በኋላ።» ኪሎ ላይ ከደረስክ በኋላ «ይሄ ኪሎ ነበር» ማለት የቱሪስት አስጎብኚ ሥራ ነው።

ሁለት ጭንቅላት በአንድ ጊዜ አያጎነብስም። ትልቁ ወጥመድ የመነሻ ራንዌይ መቀየር ነው፤ የፍጥነትና የፍላፕ ስሌቱ ይቀየራል፣ ኤፍኤምሲ (የበረራ ኮምፒውተሩ) ውስጥ ይገባል፣ ብሪፊንጉ ይደገማል። ይህን ሁሉ እየሄዱ መሥራት ይቻላል ይባላል። እኔ አልስማማም። ግራውንድን (የመሬት እንቅስቃሴ ተቆጣጣሪውን) ማቆሚያ ጠይቁ፣ ፓርኪንግ ብሬክ ያዙ፣ ጨርሱ፣ ሂዱ። የምታጡት ሦስት ደቂቃ ነው።

ቦርዶቹን እንደ ስምህ እወቅ። ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ፊደል ያለህበት ታክሲዌይ ነው፤ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ከነቀስቱ የሚወስድህን ያሳያል፤ ቀይ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ያለ ፈቃድ አታልፍም። መሬት ላይ አራት ቢጫ መስመር ታያለህ፣ ሁለቱ ሙሉ ሁለቱ ቁርጥራጭ። ሙሉዎቹ በአንተ በኩል ከሆኑ ቁም። ቁርጥራጮቹ በአንተ በኩል ከሆኑ ከራንዌዩ እየወጣህ ነው፤ ያኔ ጅራትህ ጭምር መስመሩን እስኪያልፍ ድረስ ወጥተሃል አይባልም። አፍንጫው አልፎ ጅራቱ ራንዌይ ላይ የቀረ አውሮፕላን ብዙ የሚያርፍ ሰው ዳግም እንዲነሳ አድርጓል።

ነጥብ ዘጠኝ

ከታወር ወገን ልጨምር። ቢጫ መስመር ያለው እውነት ነው፣ ግን ሁሉንም በአብራሪው ግምት ላይ መከመር ልክ አይደለም። ሊናቴን ተመልከቱ።

ሚላኖ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2001፣ ዓይን የማያሳይ ጭጋግ። አንድ ትንሽ ሴስና ሳይቴሽን በአር5 ወደ ሰሜን እንዲሄድ ተነገረው፤ በአር6 ሄዶ ራንዌዩ ላይ ወጣ። ሊነሳ የነበረ ኤምዲ-87 ገጨው። መሬት ላይ የነበሩ 4 ሠራተኞችን ጨምሮ 118 ሰው ሞተ። አዎ፣ አብራሪዎቹ የበራ ቀይ መብራትና የማቆሚያ ምልክት አልፈዋል። ግን የመሬት ራዳር አልነበረም፤ አሮጌው ተነስቶ አዲሱ ገና አልተተከለም። ከሁሉ የሚያመው ሴስናው ያለበትን ተናግሮ ነበር፦ አስፋልቱ ላይ ያነበበውን «ኤስ4» ብሎ ጠርቷል። ተቆጣጣሪው ያ ምልክት የት እንዳለ አያውቅም ነበር። አብራሪው ቦታውን የነገረው የጠፋበትን ቦታ ለማያውቅ ሰው ነው።

ከዚህ የሚወጣው የኛም የእናንተም ትምህርት አንድ ነው፦ ያልተጠበቀ ቃል ስትሰሙ አታሳልፉት። ለእናንተ ግን በተለይ ይህን ልንገራችሁ።

ቦታህን ከተጠራጠርክ መጀመሪያ ቁም፣ ወዲያው ንገረን። «የጠፋን መሰለኝ» ማለት ነውር የለውም። አንድ ልዩነት አለ፤ የቆምክበት ራንዌይ መሆኑን ካወቅህ አትቁም። እየነገርከን በቅርብ ባለው ታክሲዌይ ፈጥነህ ውጣ፣ ከዚያ ቁም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሥርዓት የሚለው ይህንኑ ነው። መንገዱን ካልያዝከው «ፕሮግረሲቭ ታክሲ» ብለህ ጠይቅ፤ መገናኛ በመገናኛ እንመራሃለን። የኬኔዲ ግራውንድ ቢፈጥንብህም ደግሞ እንዲናገር ማድረግ መብትህ ነው።

ራንዌይ መግቢያ ላይ መንገዱን አቋርጦ የተደረደረው ቀይ የስቶፕ ባር መብራት ከበራ፣ በራዲዮ «እለፍ» ብዬህ እንኳ አትለፍ። መብራቱና ድምፄ ካልተስማሙ አንዳችን ተሳስተናል፤ ማን እንደሆነ ቆመን እንወቅ። ሃኔዳ ላይ በሲ5 በኩል ያለው ስቶፕ ባር በጥገና ምክንያት አገልግሎት ላይ አልነበረም፤ አንዱ መከላከያ ሲነሳ ሌላው ብቻውን ምን ያህል ይሸከማል የሚለውን ከዚያ መገመት ይቻላል።

ሪድባክ ላይ «ሮጀር» መልስ አይደለም። የራንዌይ ስም፣ «ቁም»፣ «አቋርጥ»፣ «ግባ»፣ እነዚህ ከነጥሪ ስማችሁ ይመለሳሉ። አሜሪካ የምትበሩ ደግሞ ከ2010 ወዲህ እያንዳንዱን ራንዌይ ለማቋረጥ የተለየ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አትርሱ፤ ቀድሞ እስከ መነሻው ራንዌይ ታክሲ ብሎ መፍቀድ የመንገዱን ራንዌዮች ማቋረጥንም ይጨምር ነበር። «ቴክኦፍ» የሚለውን ቃልም ፈቃዱ ሲሰጥና ሲሰረዝ ብቻ ነው የምንጠቀምበት፤ በሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» እንላለን። ያ የቴኔሪፍ ውርስ ነው።

አዲስ ክንፍ

ካፒቴን ቢጫ መስመር፣ ነጥብ ዘጠኝ፣ እናመሰግናለን። ስቶፕ ባሩን እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ራንዌዩ ውስጥ ገብቶ የተሳሳተ መሆኑን ለማወቅ የኮምፓሱን ሄዲንግ (አፍንጫው የዞረበትን አቅጣጫ) ማየት ይበቃል የሚል አንብቤ ነበር። ይበቃል?

ሌሊት በራሪ

ግማሹን ይይዛል። ሌክሲንግተን ኬንታኪ፣ ኦገስት 27 ቀን 2006፦ አንድ አውሮፕላን ራንዌይ 22 ተፈቅዶለት 26 ላይ ተሰለፈ፤ ተንደርድሮም ተከሰከሰ። 22 የ7,003 ጫማ ርዝመት ነበረው፣ 26 ደግሞ 3,500 ብቻ። ከ50 ሰው የተረፈው ረዳት አብራሪው ብቻ ነው። በመሃላቸው 40 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ ሄዲንጉን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃ ነበር። 26 መብራት አልነበረውም፣ እንግዳ ነገር መሆኑ እዚያው ኮክፒቱ ውስጥ ተነስቶ ታልፏል።

ታይፔ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 2000፦ 05 ሌፍት ተፈቅዶ ለግንባታ በተዘጋው 05 ራይት ላይ ተንደረደሩ፣ በአውሎ ነፋስ ዝናብ ውስጥ። ከ179 ሰው 83ቱ ሞቱ። እዚህ ሄዲንግ ምንም አይጠቅምም፤ ሁለቱም አንድ አቅጣጫ ናቸው። ትይዩ ራንዌይ ባለበት ሁሉ፣ ቦሌም 07 ሌፍትና 07 ራይት ስላሉት፣ ሄዲንጉ ላይ ሌላ ማረጋገጫ ጨምር፦ የራንዌዩን ሎካላይዘር (የመሃል መስመሩን የሚያሳይ የራዲዮ ምልክት) አስገብተህ መርፌው መሃል መያዙን፣ ናቪጌሽን ማሳያው ላይ የአውሮፕላንህ ምልክት ትክክለኛው ራንዌይ ላይ መሆኑን፣ መሬቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ፊደል ከተፈቀደልህ ጋር መግጠሙን። ሦስቱም አምስት ሰኮንድ አይፈጁም።

ጎማና ብሬክ

ስለ ረጃጅሞቹ ልመልስ፤ ቁጥር የምወድ ሰው ነኝና ታገሡኝ።

777-300ኢአር ላይ ከአፍንጫ ጎማው እስከ ዋናው ጎማ 31.2 ሜትር ነው፤ ኤ350-1000 ላይ 32.5 ሜትር። አብራሪው ደግሞ ከአፍንጫ ጎማው ፊት ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ቢጫው መስመር ወንበርህ ስር ሆኖ መታጠፍ ከጀመርክ ኋላው ጎማ ውስጡን ቆርጦ ሣር ላይ ይወጣል። ኮክፒቱን ከመስመሩ አልፈህ ታስቀጥላለህ፣ ከዚያ ትጠመዝዛለህ፤ ለአፍታ ሣር ላይ የተንሳፈፍክ ይመስልሃል። ደንግጠው ቀድመው የሚጠመዝዙት ናቸው ጎማ የሚያስገቡት። 777-300ኢአር ለዚሁ የመሬት ካሜራ አለው፤ ኤ350ም የታክሲ ካሜራ አለው። የአፍንጫ ጎማው ከ13 ዲግሪ በላይ ከታጠፈ የ777 ዋና ጎማ የኋላ አክስል ራሱ ይዞራል፤ ግን እንዳያታልልህ፣ ጎማውን ከመፋቅ ያድነዋል እንጂ መንገዱን አያሰፋልህም።

የ777 ዋና ጎማዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ 12.9 ሜትር ናቸው። በ23 ሜትር ታክሲዌይ ላይ ቀጥ ስትል በየጎኑ 5 ሜትር ያህል ይተርፍሃል። መታጠፊያ ላይ ያ ትርፍ ነው የሚበላው።

በጥብቅ መታጠፊያ መሃል አትቁም። ዳግም ለማንቀሳቀስ ብዙ ግፊት ትጠይቃለህ፣ ከኋላህ ያለው መኪናና መሰላል ነው የሚከፍለው። ለመንቀሳቀስ ከ40 በመቶ ኤን ዋን (የሞተሩ ማራገቢያ ፍጥነት) በላይ የምትፈልግ ከሆነ አንድ ነገር ይዞሃል፤ ፓርኪንግ ብሬኩን አይተኸዋል? ፔዳሉ የአፍንጫ ጎማውን 7 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያዞረው፣ ቲለሩ ግን እስከ 70። ቀጥታ ላይ በፔዳል፣ ማዕዘን ላይ በቲለር።

ፍጥነት በዓይን አይለካም። ከፍ ካለ ኮክፒት 30 ኖት እንደ እግር መንገድ ነው የሚመስለው። ግራውንድ ስፒዱን አንብብ፦ ቀጥታ ላይ እስከ 30፣ ደረቅ መሬት ላይ 90 ዲግሪ መታጠፊያ ላይ 10። የካርቦን ብሬክ የሚያልቀው ባረገጥከው ጊዜ ብዛት ነው፤ እንደ ሚኒባስ ሾፌር እየነካህ አትሂድ። ወደ 30 ሲደርስ አንዴ ረግጠህ ወደ 10 አውርደው፣ ልቀቀው።

ክንፍ። 777-300ኢአር 64.8 ሜትር፣ ኤ350 64.75፣ 737-8 ደግሞ 35.9። የትልልቆቹን ክንፍ ጫፍ ከወንበርህ በደንብ አታየውም። ኋላ ያጋደለ ክንፍ ስለሆነ ስትታጠፍ የውጭው ጫፍ ከገመትከው በላይ ወደ ውጭ ይጠርጋል። ኤፕሪል 11 ቀን 2011 ኬኔዲ ላይ የኤ380 ክንፍ ጫፍ የቆመ ሲአርጄ (ትንሽ ጄት) ጅራት መትቶ እንዳለ አሽከረከረው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 አትላንታ ላይ የኤ350 ክንፍ የሲአርጄ-900ን ጅራት ነቅሎ ጣለው። ቢጫው መስመር ክንፍህን የሚያድነው ሌላውም ሰው ቦታው ላይ ከቆመ ነው። ወረፋ ላይ የቆመ ትንሽ አውሮፕላን እስከ ማቆሚያው መስመር ካልተጠጋ ጅራቱ የኋላውን ታክሲዌይ ይጋርዳል። ከተጠራጠርክ ቁም፤ ክንፍ የሚያይ ሰው ይጠራ።

ጆሃንስበርግ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 2013 ደግሞ ሁለቱም ጥፋት በአንድ ላይ፦ ብራቮ ታክሲዌይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አንድ 747 ቀጥ ብሎ ጠባቡ ማይክ ታክሲዌይ ውስጥ ገባ፣ የቀኝ ክንፉ ሕንፃ ሰነጠቀ። ሕንፃው ውስጥ የነበሩ 4 ሰዎች ቆሰሉ። የመሃል መስመሩን አልሳቱም። መስመሩ ራሱ የሌላ መንገድ ነበር።

አዲስ ክንፍ

የመጨረሻ ጥያቄ። ካፒቴኑ የተሳሳተ መታጠፊያ ውስጥ እየገባ ነው ብዬ ሳስብ፣ ግን እርግጠኛ ሳልሆን፣ ምን ልበል? በኛ ባህል ታላቅን መሃል መንገድ ላይ «ቁም» ማለት ይከብዳል።

ቢጫ መስመር

ለዚህ ነው ቃሉ በእንግሊዝኛ የሆነው፤ «ስቶፕ» አንተም እርስዎም የለውም። አንዲት ቃል፣ ጮክ ብለህ፣ «ካፒቴን ይቅርታ» ሳይቀድማት። እሱ ፍሬን ይይዛል፣ ክርክሩ ከዚያ ይቀጥላል። ማን ልክ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚቆም አውሮፕላን ነው የምንፈልገው። ይህ ስምምነት ብሪፊንጉ ላይ ይነሳ፤ «ስቶፕ ስትለኝ አልጠይቅህም» ብሎ ቀድሞ የሚናገር ካፒቴን ሥራህን ግማሽ ቀንሶልሃል።

ዝምታ ብቻ አይደለም አደጋው፣ የውሸት እርግጠኝነትም አለ። ዲትሮይት፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1990። በጭጋግ ውስጥ አንድ ዲሲ-9 ጠፍቶ እየተነሳ በነበረ 727 መንገድ ላይ ገባ፤ 8 ሰው ሞተ። ካፒቴኑ ከረጅም የሕክምና ፈቃድ ገና መመለሱ ነበር፤ ረዳቱ ኤርፖርቱን የሚያውቀው አስመስሎ ተናገረ፣ ካፒቴኑም ተከተለው። መርማሪዎቹ የኃላፊነት መገለባበጥ ነው ያሉት። ስለዚህ ካፒቴን «ይሄ ኪሎ ነው አይደል?» ሲልህ ቦርዱን ካላነበብክ «አዎ» አትበል። «ቦርዱን አላየሁትም፣ እንቁም» በል፤ ፓርኪንግ ብሬኩ ሲያዝ ቻርቱን ሁለታችሁም በአንድ ላይ ተመልከቱ።